ስሙ ያልተጻፈ ስጦታ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በስውር መስጠት ጽድቅ መሆኑን ከሕፃንነትህ ጀምሮ ሰምተሃል። ቄሱም ሼኹም ይህንኑ ያስተምራሉ፤ እኔም ትምህርቱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ነገር ግን ለድኻ የሚሰጥ ገንዘብና ሕዝብን ወክሎ ሸንጎ ለሚገባ ሰው የሚሰጥ ገንዘብ በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ስላየሁ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መስቀል፥ ወልቂጤ አጠገብ በዘመዴ ቤት ክትፎው ተበልቶ ሲያበቃ፥ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጋዴ በግል እጩነት ለመቅረብ ላሰበ መምህር በወረቀት የተጠቀለለ ገንዘብ ሰጠው። «ለማስታወቂያ ማሳተሚያ ይሁንህ፤ ስሜን ግን እንዳትጽፍ» አለው። ሽማግሌዎቹ ስለ ትሕትናው መረቁት። እውነቱን ለመናገር እኔም አብሬ «አሜን» ብያለሁ።

የ2011 ዓ.ም. የምርጫ አዋጅ፥ ቁጥር 1162፥ የፖለቲካ ፓርቲ ከውጭ አገር ሰውና ማንነቱ ካልታወቀ ሰጪ ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ሒሳቡንም አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርብ ያዝዛል። ፓርቲ መዋጮ የሚከፍል አባልና መዝገብ የሚይዝ ሒሳብ ሹም አለው። የግል እጩ ግን ያለው ኪሱና ዘመዱ ነው፤ የምረጡኝ ገንዘብና የቤቱ አስቤዛ በአንድ ኪስ ይውላሉ።

የግል እጩ ጥቂት ነው ብለህ አትናቀው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን ፓርቲ ስላልነበረ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተወዳደረው ሁሉ በግሉ ነበር፤ ያውም ንብረት ያለው ሰው ብቻ። በ1997 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ተመርጠዋል። በሰኔ 2013ም አራት የግል እጩዎች አሸንፈው የተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጡት ሕግ የእጩው ወጪ ወሰን እንዲኖረው፥ በወኪል እጅም እንዲያልፍና ከምርጫ በኋላ ተዘርዝሮ እንዲቀርብ አደረጉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1976 የሰጪውን ስጦታ መወሰን ይቻላል፤ የእጩውን ወጪ መወሰን ግን ንግግርን መገደብ ነው ሲል ፈረደ። እኔ ወደ እንግሊዞቹ አደላለሁ፤ ቡታጅራ ላይ በገበያ ቀን የአንዱ ባለ መኪና ድምፅ ማጉያ የእግረኛውን እጩ ቃል ሲውጥ የማን ንግግር ተገደበ?

ደግሞስ እስከ ለንደን መሄድ ምን ያስፈልጋል? የጉራጌ ሰው በ1950ዎቹ በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘብ እያዋጣ ለአገሩ መንገድ አሠርቷል። እቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ማን ስንት እንደ ጣለ ይጻፋል። በእቁብ የማናደርገውን በምርጫ ለምን እናደርጋለን?

ይህንኑ በማግሥቱ ለነጋዴው ነገርሁት። «ልጄ፥ መምህሩ ቢሸነፍስ? ያሸነፈው ሰው ስሜን ከመዝገብ ሲያነብ የንግድ ፈቃዴን ማን ያድስልኛል?» አለኝ። ፈጥኜ የምመልሰው አጣሁ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ሰጪውን ገልጦ የማይጠብቅ ሕግ ባለ ሱቁን ያሸሻል፤ የሚቀረውም ማንንም የማይፈራ ባለጠጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የጥቂት ብር ሰጪ ስሙ ከቦርዱ መዝገብ አይውጣ፤ ብዙ የሰጠው ግን ለመራጩ ይነገር እላለሁ። ወሰኑ ስንት ብር ይሁን ቢሉኝ የመምህር የወር ደመወዝ ይበቃል ባይ ነኝ።

መምህሩ በዚያው ቀን ማታ ገንዘቡን መለሰ። «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የማን ባለዕዳ እንደ ሆንሁ መራጩ ካላወቀ አልችልም» አለ። ነጋዴው ወረቀቱን ሳይፈታ ኮቱ ውስጥ ከተተው፤ እስከ ዛሬም ሲገናኙ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።