ስለ ፎቶግራፍ አቀነባበር ደንብ፦ የአንዲት እናት ሥዕል ሲመረመር

ፎቶግራፍ ማንሣት ለሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት፣ ሥዕሉን በሁለት ቁም መስመርና በሁለት አግድም መስመር ለዘጠኝ ከፍሎ፣ ዋናውን ነገር መስመሮቹ በሚገናኙበት ስፍራ ማኖር ነው። ይህ የሢሶ ደንብ በእንግሊዛዊው በጆን ቶማስ ስሚዝ መጽሐፍ በ1797 እ.ኤ.አ. ሲጻፍ፣ ስለ ቀለም ሥዕል የተነገረ ነበር፤ ፎቶግራፍ ገና አልተፈለሰፈም። እኛ ደንቡ አይጠቅምም አንልም። ዳሩ ግን ጀማሪው መስመር ሲቈጥር፣ ዋናው ነገር ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይቀራል ብለን እንሠጋለን።

ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ፣ አሜሪካዊቷ ዶሮቲያ ላንግ በማርች 1936 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በኒፖሞ አተር ለቃሚዎች ሰፈር ያነሣችውን «ስደተኛዪቱ እናት» የተባለውን ፎቶግራፍ እንመልከት። በዚያው ጊዜ ከተነሡት ሌሎች ሥዕሎች በአንዳንዶቹ ድንኳኑ፣ ዕቃውና ትልቋ ልጅ ይታያሉ። በታወቀው ሥዕል ግን አንሺዋ ቀርባለች። ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው በእናታቸው ትከሻ ተደግፈዋል፤ ሕፃኗ በጭኗ ላይ ናት፤ ወደ አገጯ የተነሣው እጅም ዓይናችንን ወደ ፊቷ ይመራዋል። ፊቷ ከሥዕሉ መካከል አልራቀም፤ ደንቡን ብቻ የሚያውቅ መምህር ምናልባት ስሕተት ነው ባለ ነበር። ሥዕሉ ኃይል ያገኘው የማያስፈልገው ስለ ተቀነሰለት ነው።

መቀነስም ወሰን አለው። በሥዕሉ ታችኛ ማዕዘን የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ይታይ ነበር፤ ላንግ ሥዕሉን ያበላሻል ብላ በኋላ ከነጌቲቩ ላይ እንዲደበዝዝ አደረገች። በእኛ አስተያየት ይህ አልተገባም። ከማንሣት በፊት መምረጥ የአንሺው ሥልጣን ነው፤ ከተነሣ በኋላ የነበረውን መፋቅ ግን ምስክርነትን መለወጥ ነው። ከጣቱ የሚበልጥም የቀረ ነገር አለ፤ ይኸውም የሴትዮዋ ስም ነው። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ በሰፊው የታወቀው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እርሷም ከሥዕሉ ምንም ጥቅም እንዳላገኘች ተናግራለች።

ስለዚህ ለጀማሪ ጓደኞቻችን ምክራችን ይህ ነው፦ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት አራቱን ጠርዞች ተመልከቱ፤ አንድ እርምጃ ቅረቡ፤ ከሰው ራስ ላይ የበቀለ የሚመስል ምሰሶ ቢኖር ቦታ ለውጡ። ከጠርዙ ውጭ ያስቀራችሁትም ምን እንደ ሆነ አስቡ። በመጨረሻም ሥዕሉን ካነሣችሁለት ሰው ሳትለዩ ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ።