ከወንበሩ ራስዎ ይነሱ

ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ የአዛውንት ዕድሜ ከኢቃማ (ከመኖሪያ ፈቃድ) ላይ አይነበብም። የእኛ የኢትዮጵያውያን ፓስፖርት ላይ ያለውን ዓመት ብዙ ጊዜ የሞላው ደላላ ነው፤ ለአንዷ ጨምሮ፣ ለሌላዋ ቀንሶ። ከሳዑዲ ሽማግሌዎችም መካከል መታወቂያቸው ላይ የልደት ቀናቸው ረጀብ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው ብዙ ናቸው፤ ምዝገባው ሲመጣ የተወለዱበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረምና። ስለዚህ አዛውንት እንድከባከብ ወደ አዲስ ቤት ስጠራ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብዬ አልጀምርም። ወንበር አምጡልኝ እላለሁ።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ተነስተው እንዲቀመጡ አደርጋለሁ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻው ደክሟል። ቀጥሎ በተለመደ አካሄዳቸው 4 ሜትር ይራመዳሉ፤ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው እሱም ምልክት ነው። የእጅ መጨበጥ ኃይል መለኪያ ካለኝ ለሴት 16፣ ለወንድ 27 ኪሎ ወሰኑ ነው። ቁጥሮቹ የአውሮፓ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 2019 ካወጡት መመሪያ የተወሰዱ ናቸው፤ በርጩማ ላይ ቡና ስታፈላ ለኖረች የወሎ እናት የተለኩ አይደሉም። እንዲህ ያለች እናት የመታወቂያዋ ዓመት ከሚለው በላይ ቀልጠፍ ብላ ስትነሳ አይቻለሁ።

ከሰከንዱ ይበልጥ የምከታተለው ግን የቱ ጋ እንደሚያቅታቸው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ገና በመጀመሪያው መነሳት ፊቱን ያጨማድዳል። ልቡ የደከመ በአፉ መተንፈስ ይጀምራል። ሦስተኛው ሰው ደግሞ አለ፤ ሁለቱን ጊዜ ደህና ተነስቶ በሦስተኛው ጭኑ እንቢ ይለዋል። ሕመም የለውም፣ ትንፋሹም አልተቆረጠም፤ ጉልበቱ ብቻ አልቋል። ማይቶኮንድሪያን የማስበው እዚህ ላይ ነው።

ጡንቻ ከስኳርና ከስብ ጉልበት የሚያወጣው ሴሎቹ ውስጥ ባሉት በእነዚህ ጥቃቅን አካላት ነው። ማይቶኮንድሪያ ከሌላው የሰውነታችን ዲኤንኤ የተለየ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ 37 ጂኖች የያዘ፣ ርዝመቱ 16,569 ፊደል የሆነ ትንሽ ቀለበት። የሚወረሰውም ከእናት ብቻ ነው። ለጀማሪዎች ሳስረዳ እርሾን አነሳለሁ። እርሾ ከቤት ወደ ቤት በሴት እጅ ይተላለፋል፤ በየጊዜው እንደ አዲስ አይፈጠርም፣ ካለፈው ላይ ይቀጥላል። ጥሩውና የተበላሸው አብሮ ይኖርበታል፤ የተበላሸው እስኪያይል ድረስ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን አይተውም። በአንድ ሴል ውስጥም የዚህ ዲኤንኤ ቅጂዎች በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ሚውቴሽን ያለባቸው ከ60 እስከ 90 በመቶ ካልደረሱ ሴሉ ብዙውን ጊዜ ሥራውን አያጓድልም። ዕድሜ ሲገፋ ግን አንድ ስህተት በአንድ የጡንቻ ክር ውስጥ ተባዝቶ ጤነኛውን ሊውጠው ይችላል፤ አጠገቡ ያለው ክር ደህና ሆኖ ሳለ። በአዛውንት ጡንቻ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉልበት ማውጣት ያቃታቸው ክሮች እዚህም እዚያም ተበትነው ይገኛሉ።

ስህተቱ ከየት ይመጣል? አሜሪካዊው ዴንሃም ሃርማን በ1956 ጥፋቱን ኦክስጅን ከሚያመነጫቸው ጎጂ ቅንጣቶች ላይ ጣለው፤ በ1972 ደግሞ የነገሩ ማዕከል ማይቶኮንድሪያ ነው አለ። ለረጅም ጊዜ ሁሉም በዚህ ተስማምቶ ኖረ። በ2004 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች የማይቶኮንድሪያን ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም የራሱን ስህተት እንዳያርም ያደረጓቸውን አይጦች አስተዋወቁ። አይጦቹ ያለ ዕድሜያቸው ጠጉራቸው ረገፈ፣ ጀርባቸው ጎበጠ፣ አጥንታቸው ሳሳ፣ ቶሎም ሞቱ። የሚገርመው በእነዚህ አይጦች ላይ የኦክስጅኑ ጉዳት ይህን ያህል አልጨመረም። ዛሬ ብዙዎች ከሚውቴሽኖቹ አብዛኞቹ ዲኤንኤው ሲገለበጥ የሚፈጠሩ ስህተቶች ናቸው ወደሚለው ያዘነብላሉ። እርግጥ የእነዚያ አይጦች የሚውቴሽን ብዛት ከማንኛውም ሽማግሌ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ «ማርጀት ማለት ይኸው ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው። በ2011 በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እነዚያኑ አይጦች ለአምስት ወር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ በመሮጫ መሣሪያ ላይ አስሮጧቸው። ሳይሮጡ የቀሩት ሲያረጁ የሮጡት ጠጉራቸውን እንደያዙ፣ ጡንቻቸው ሳይከሳ ቆዩ። አራሚው ኢንዛይም እኮ አልተጠገነም! አይጥ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን የአዛውንት ጡንቻም በሳምንታት የእግር ጉዞ ማይቶኮንድሪያውን እንደሚጨምር በሰው ላይ ታይቷል።

አሁን ወደ ጅዳ ቤቶች ልመለስ። እዚህ የሚያስረጀው አንዱ ነገር አክብሮት ነው ብል ቅር የሚለው ይኖራል። ማማ ውሃ ፈለጉ ሲባል ሦስት ሰው ይነሳል። መስገጃው ይነጠፍላቸዋል፣ ጫማው ይደረግላቸዋል፣ ሪሞቱ በእጃቸው ይሰጣቸዋል። የእኛም ቤት ከዚህ አይለይም፤ «እማማ፣ እርስዎ አይነሱ!» የማይባልበት የለም። በ2007 በታተመ ጥናት ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲደረግ ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። ልጆቹ በፍቅር ያደርጉታል፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ሥራዋ ነው፤ ማማ ግን በዓመቱ ከሽንት ቤት ወንበር መነሳት ያቅታቸዋል። ከእኔ ሥራ ከባዱ ክፍል አዛውንቷን ማንሳት አይደለም። እጄን ኋላዬ አድርጌ፣ ለመያዝ በሚበቃ ርቀት ላይ ቆሜ፣ ልጅየው እየተቆጣኝ እሳቸው ራሳቸው እስኪነሱ መጠበቁ ነው።

ልጆቹ በዚህ ፈንታ የሚያመጡልኝ የቫይታሚን ብልቃጥ ነው። በ2009 ጀርመን ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ወጣት ወንዶች በቀን 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር ሲወስዱ ስፖርቱ በስኳር አጠቃቀማቸው ላይ የሚያመጣው ጥቅም ጠፋባቸው። ሐኪም ያዘዘውን አልነካም፤ በራሳቸው የገዙትን ግን ወደ መሳቢያው እመልሰዋለሁ።

የእግር ጉዞ ከማስጀመሬ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ በእናት ወገን ያለው ሕመም። የእኛ ሰው የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ይወርዳል፤ ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ይፈትሻል። ይህ ቆጠራ ዋጋ አለው። ማይቶኮንድሪያን ከሚሠሩት ከ1000 በላይ ፕሮቲኖች ከጥቂቱ በቀር ሁሉም የሚመጡት ከአባትም ከእናትም ከሚወረሱ ጂኖች ነው፤ የአጎት ልጅ በሚያገቡበት ቤት ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች የመገናኘት ዕድላቸው ይጨምራል። ሳዑዲ ከ2004 ጀምሮ ከጋብቻ በፊት ያስገደደችው ምርመራ የተጀመረው ለሲክል ሴልና ለታላሴሚያ እንጂ ለማይቶኮንድሪያ ጉድለቶች አይደለም። በእናት በኩል የሚወርደውን ቀለበት ግን ሰባት ቤትም አያስቆመውም።

«እናትዎ፣ አክስትዎ፣ እህትዎ ጆሯቸው ቶሎ ደክሞ ነበር? ስኳርስ ነበረባቸው?» እላለሁ። ሁለቱ በእናት ወገን አብረው ከወረዱ በማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 3243 በተባለው ቦታ ላይ ያለ ሚውቴሽን ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለሐኪማቸው ጽፌ እልካለሁ። በእነዚህ ሰዎች ላይ ሜትፎርሚን የላክቲክ አሲድ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የደም ምርመራውም ሊያሳስት ይችላል፤ ሚውቴሽኑ ከደም ውስጥ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ስለሚሄድ ከሽንት የሚገኙ ሴሎች የተሻለ ያሳያሉ። ሁለተኛው 1555 የሚባለው ነው። ይህ ያለበት ሰው አገር ቤት በየጤና ጣቢያው የምንወጋው ጄንታማይሲን ወይም የድሮው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን በተለመደው መጠን እንኳ ሊያደነቁረው ይችላል፤ የማይቶኮንድሪያ ራይቦዞም ከባክቴሪያ ጋር ስለሚመሳሰል መድኃኒቱ አይለየውም። «መርፌ ተወግታ ጆሮዋ ጠፋ» የምትባል አክስት ካለች ያን ወሬ አላልፈውም።

ለዑምራ የሚዘጋጁትን ነው በደስታ የማሠለጥነው፤ ግቡ ስለሚታወቅ። ካዕባን ከሚዞሩበት ጠዋፍ በኋላ በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰዕይ ሰባቱ ጉዞ ተደምሮ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከወራት በፊት በቤቱ ኮሪደር እንጀምራለን፣ ቀጥሎ ደረጃ፣ ከዚያ ከዒሻ ሶላት በኋላ የባሕሩ ዳር ኮርኒሽ። ትንፋሽ ሳይቆረጥ ወሬ እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልኩ እሱ ነው። ቀን ላይ አላስወጣም፤ ሰኔ 2024 መካ 51.8 ዲግሪ ደርሶ በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ ተናግሯል። የአዛውንት ላብ ይቀንሳል፣ ጥማትም ዘግይቶ ይሰማቸዋል።

ላልቻለ ሰው ጋሪ ይፈቀዳል፤ ጋሪ መያዙንም አልቃወምም። ልጆቹ ግን ገና ከሶፋ ኮረብታ ሳይነሱ ጋሪው ላይ ሊያስቀምጧቸው ይቸኩላሉ። ባዶውን ከኋላ እየገፋችሁ ተከተሉ እላቸዋለሁ፤ ማማ ሲደክማቸው ራሳቸው ይጠይቃሉ።