ንጉሡን ምን አሳቀው?

ስለ ጥንታዊት ፋርስ የወርቅ ጌጥ የሚጻፉ መግለጫዎችን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። ስለ ሠሪው እጅ ይነግሩናል። ይንገሩን፤ ይገባዋል! ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1901 ሱሳ ላይ ከነሐስ የሬሳ ሣጥን ያወጡትን፣ ዛሬ በሉቭር የሚገኘውን አምባር እስቲ ተመልከቱ። ሁለት አንበሶች ከጫፍና ከጫፍ ይፋጠጣሉ። ሠሪው ስስ የወርቅ ጥብጣብ እያቆመ በይዶ ጥቃቅን ቤት ያበጃል፤ በየቤቱ ልክ ላፒስ ላዙሊ የሚሉትን ሰማያዊ ድንጋይና አረንጓዴ የሚያጠቃውን ቱርኩዋዝ ቆርጦ ይሰካል። ለንደን ካለው የኦክሰስ አምባር ላይ ድንጋዩ ረግፎ አልቋል ማለት ይቻላል። ቀንዳምና ክንፋም አውሬዎቹ ሰውነታቸው ጉድጓድ ብቻ ሆኗል። ለእኔ አሠራሩ ይበልጥ የገባኝ ባዶውን ሳይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምንድን ነው? ዜኖፎን እንደጻፈው፣ እንዲህ ያለውን አምባርና የአንገት ቀለበት ንጉሡ ካልሰጠው በቀር ማንም ሊይዘው አይችልም ነበር። ጌጥ ብቻ ሳይሆን ሹመት ነው ማለት ነው፤ ያሰረ ሁሉ የማን ሰው እንደሆነ ይታወቅበታል። ቀለሙም ዝም ብሎ ቀለም አይደለም። ዳርዮስ ሱሳ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሲሠራ ላፒሱ ከሶግድያና፣ ቱርኩዋዙ ከኮራስምያ፣ የዝሆን ጥርሱ ከኩሽ እንደመጣለት አስቀርጿል። የግዛቱ ካርታ ክንድ ላይ ይታሰራል።

ይህን የተረዳ ሃያሲ ሄሮዶቱስ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ካምቢሰስ ለኢትዮጵያውያን ንጉሥ ቀይ ሐምራዊ ልብስ፣ የወርቅ የአንገት ቀለበትና አምባር፣ ሽቶና የተምር ወይን ጠጅ ይልካል። (ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ነበርና አክሱምን አትፈልጉበት።) ንጉሡ አምባሩን አይቶ ሳቀ፤ እግር ብረት መሰለውና በአገሩ ከዚህ የጠነከረ እንዳለ ተናገረ። እስረኞቹም በወርቅ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር ይለናል።

መቼም ይህን ታሪክ የወርቅን ዋጋ ባላወቀ ንጉሥ እንደተቀለደ አድርገው የሚያነቡት ብዙ ናቸው። በበኩሌ አይዋጥልኝም። ስጦታውን ያመጡት ሰዎች ሰላዮች እንደሆኑ ንጉሡ እኮ አስቀድሞ ነቅቶባቸዋል! ሄሮዶቱስ ሰምቶትም ይሁን ፈጥሮት፣ የእግር ብረቱን ቃል በዚህ ሰው አፍ ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም። ከስጦታው ሁሉ ደስ ያሰኘው ወይን ጠጁ ብቻ ነበር፤ እሱንም አሠራሩን ጠይቆ።