ሻካራ እና ረቂቅ

የእንግሊዝኛው «ራፍ» የተሰኘ ቅጽል ወደ አማርኛ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ «ሻካራ» ይባላል። ትርጉሙ ከመነሻው ስሕተት የለበትም፤ ያልተላገ ሳንቃ፣ የሠራተኛ መዳፍና የጎረነነ ድምፅ በሁለቱም ቋንቋዎች በዚሁ ቃል ይገለጻሉና። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳቸው ይለያያል። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን አማርኛው ለየብቻ ይሰይመዋል፤ መንገዱ ኮረኮንች፣ መኝታው ጎርባጣ፣ መሬቱ ወጣ ገባ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በሥነ ጽሑፍ ነው። እንግሊዞች ገና ያላለቀውን ጽሑፍ «ራፍ» ሲሉት፣ አማርኛ «ረቂቅ» ይለዋል፤ ረቂቅ ደግሞ ቀጭን፣ ስስ፣ በእጅ የማይጨበጥ ማለት ነው። አንደኛው ያልተላገ እንጨት ባየበት፣ ሌላው አካል ያልገዛ ሐሳብ አይቷል።

ይኸው «ረቂቅ» የዘመናዊ ሥዕልም መጠሪያ ሆኗል። በ1973 ዓ.ም. በስደት ያረፈው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በረቂቅ ሥዕሉ ይታወቃል። በዚህ አጠራር ሸራው ላይ ቀለሙ በወፍራሙ ተለስኖ መዳፍ ቢሻክርም፣ ሥዕሉ ረቂቅ ከመባል አይወርድም። የሸክላ ዕቃ ግን ከሻከረ ሻካራ ነው። እንዲህ እያለ ሁለቱ ቅጽሎች ከመግለጫነት አልፈው የማዕረግ ስም ሆነዋል።

ጉለሌ ይህን ማዕረግ ይፈትነዋል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች እንጀራው ሳይያዝ እንዲነሣ የምጣዱን ፊት በድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል፤ እሳት እንጂ እንጀራ የማይነካውን ጀርባ ግን እንደሻከረ ይተዉታል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ለቡልኮ ወፍራሙን ፈትል፣ ለነጠላ ቀጭኑን ይመርጣል። በሁለቱም ዘንድ ሻካራነት የችሎታ ጉድለት ሳይሆን የሙያ ውሳኔ ነው።

«ግንኙነታቸው ሻከረ» በሚል ቋንቋ ቃሉ ወቀሳ አዝሎ መምጣቱ አይካድም። ኅብረተሰቡም በምጣዷ ጋግሮ እየበላ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ሲል ኖሯል። ሐያሲው የሥራዋን አገልግሎት ሳይመረምር «ሻካራ» ብሎ ሲያልፍ፣ ሳያስበው ያንኑ ንቀት ይወርሳል። ስለዚህ ከመፍረዱ በፊት የሻከረው የትኛው ገጽ እንደሆነና ለምን እንደተተወ ይጠይቅ። «ሻካራ» ነቀፋ ከመሆኑ በፊት መግለጫ መሆን ይገባዋል።