እናትየው ብር የምታስቀምጥበት ጌም

ክፍል ሁለት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ፊልም ነው። አንደኛው ገንዘብ ካስገኘ ሁለተኛው ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከፊተኛው ያንሳል። ጌምም እንደዛው ይመስለኝ ነበር። የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አሮጌ ኒንቴንዶ ዲ ኤሱን ሰጠኝ። አብረው ሦስት የፖኬሞን ካሴቶች ነበሩ፤ ፋየርሬድ፣ ሩቢ እና ሃርትጎልድ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው፣ ግን ንግግሩ አጭር አጭር ስለሆነ ይገባል።

ለማታውቁት፣ በነዚህ ጌሞች አንድ ልጅ ከእናቱ ቤት ወጥቶ ፖኬሞን የሚባሉ ፍጥረታትን እየያዘና እያሳደገ፣ በየከተማው ያሉትን ስምንት አለቆች እያሸነፈ ይሄዳል። ፋየርሬድ በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓን የወጣው የመጀመሪያው ጌም በ2004 ታድሶ ነው። ሃርትጎልድ ደግሞ የ1999ኙ የሁለተኛው፣ የጎልድ፣ እድሳት ነው፤ በ2009 ወጣ። ሩቢ ሦስተኛው ነው፣ የ2002።

ፋየርሬድ ላይ እናትየው ያላት ሥራ ቤት ስትመለሺ አረፍ በይ ማለት ብቻ ነው። ሃርትጎልድ ላይ ግን ገና ጉዞው ሲጀመር "ገንዘብሽን ላስቀምጥልሽ?" ብላ ትጠይቃለች። እሺ ካልሽ፣ ተጋጥመሽ ካገኘሽው ላይ ከፊሉ ወደ እሷ ይሄዳል። አንድ ቀን ትደውልና ካስቀመጥሽው ላይ ዕቃ ገዛሁልሽ ትላለች። ማታ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዛ ሳቄ ቆመ። በመጀመሪያው ዓመት ለወንድሜ ትምህርት ብዬ የላክሁት ብር ሶፋ ሆኖ ነበር የጠበቀኝ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም፤ ግን ልጅ ከወጣ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አስበውበታል። ፋየርሬድ አላሰበውም።

ሻምፒዮኑን አሸንፌ አለቀ ስል የመርከብ ትኬት ተሰጠኝ። መርከቡ የሚወስደው ፋየርሬድ ላይ ወደጨረስኩት ሀገር ነው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ። ሲናባር የሚባለውን ደሴት እሳተ ገሞራ በልቶታል፤ አለቃው ዋሻ ውስጥ ሆኖ ነው ተጋጣሚ የሚቀበለው። የሞቱ ፖኬሞኖች የተቀበሩበት ግንብ የሬዲዮ ጣቢያ ሆኗል። ያኔ ሲያናድደኝ የኖረው ተፎካካሪዬ አድጎ የአንድ ከተማ አለቃ ሆኗል። ለዕረፍት ሀገር ቤት ገብታ ሰፈሯ የጠፋባት እህት ይሄን ስሜት ታውቀዋለች። ፋየርሬድን ላልተጫወተ ግን ይሄ ሁሉ ተራ ከተማ ነው። በዚህ ጥፋት የለባቸውም፤ ተከታይ ማለት እኮ የሚከተለው ነገር አለ ማለት ነው።

ሩቢ ላይ ያን አላገኘሁም። ውጊያው ይሻላል፤ ሁለት ለሁለት መጋጠም የተጀመረው እዛ ነው፣ እያንዳንዱ ፖኬሞንም የራሱ ጠባይ ተጨምሮለታል። ለጨዋታ ብቻ ከሆነ ሩቢን ከፋየርሬድ አስበልጣለሁ። ግን ያኔ ጎልድ ላይ ያሳደጉትን ይዘው ወደ ሩቢ መሻገር የሚችሉ አልነበሩም፤ በሩ ተዘጋ። ሻንጣዋን ትታ ቤት የቀየረች ሴት ይሄን ጌም ብትረግም አልፈርድባትም።

ስለ ተቀናቃኙም ልበል። ትንሹ ልጅ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ላይ ዲጂሞን ወርልድ ያጫውተኛል፤ እሱም የ1999 ነው። እዛ ያለሽ አንድ ፍጥረት ብቻ ነው። ታበይዋለሽ፣ ታስተኚዋለሽ፣ ሽንት ቤት በሰዓቱ ካላደረስሽው መንገድ ላይ ይለቀዋል። ያረጅና ይሞታል፣ ተመልሶ እንቁላል ይሆናል። አሳቡ ከፖኬሞን ይጠልቃል፤ እዚህ ማንም አያረጅም። ግን ቀኑን ሙሉ ልጅ ሲያበላና ሲያጥብ ለዋለ ሰው ማታ ደግሞ ይሄ? ይቅርብኝ።

ሃርትጎልድ በተቃራኒው የኔን ሥራ ለራሱ ይጠቀምበታል። ከካሴቱ ጋር የሚመጣ ክብ ነገር አለ፣ ፖኬሞንሽን ከተሽ ወገብሽ ላይ ታደርጊዋለሽ፤ እርምጃሽን ይቆጥራል፣ ለሃያ እርምጃ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ደረጃ ስወጣ ስወርድ ማንም ቆጥሮልኝ አያውቅም። ማዳም አንድ ቀን ምንድነው አለችኝ፣ የስፖርት ነው አልኳት።

እንከን የለውም አልልም። ዋናው ችግር ሜዳ ላይ የሚገኙት ፖኬሞኖች ደካማ መሆናቸው ነው። የራስሽን ለማሳደግ ስትፈልጊ የሚረባ ተጋጣሚ የለም፤ ሳምንት ሙሉ ያንኑ መደጋገም ነው። መጨረሻ ላይ አሥራ ስድስቱን አለቆች አሸንፈሽ ተራራው ጫፍ ስትደርሺ፣ የመጀመሪያው ጌም ልጅ ራሱ ቆሟል። ሬድ ይባላል። አይናገርም። ፋየርሬድ ላይ የመረጥኩት ወንዱን ስለነበር፣ ራሴን ልገጥም የመጣሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። የሱ ፒካቹ ደረጃው 88 ነው፣ የኔ ትልቁ 61። አራት ጊዜ ተሸንፌያለሁ። ያሸነፈችው ካለች ዓርብ ማኅበሩ ጋ ስንገናኝ በምን እንዳሸነፈችው ትንገረኝ።