የ2022ቱ የቀዶ ሕክምና መመሪያና የሽሮ ሜዳዋ ወጣት

ለውፍረት ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየውን መስፈርት፣ የአሜሪካው የሜታቦሊክና ባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምና ማኅበርና የዘርፉ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በ2022 አሻሽለውታል። ቀድሞ ተጓዳኝ በሽታ ለሌለበት ሰው የክብደትና ቁመት ምጣኔ ወሰኑ 40 ነበር፤ ዛሬ 35 ነው። የስኳር በሽታ ዓይንንና ኩላሊትን ሳይጎዳ መቅደም የሚበጅ በመሆኑ ለውጡን እንደግፋለን።

ይሁንና ቁጥሩ ለማን እንደሚፈቀድ እንጂ ማን እንደሚችለው አይነግረንም። በሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ የምትሠራ የ22 ዓመት ወጣት እናስብ። በስሊቭ ጋስትሬክቶሚ ከጨጓራዋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነው። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት በሽሮና በምስር ለምታሳልፍ ጾመኛ ጉዳዩ ይከብዳል። እርግዝናም ከ12 እስከ 18 ወራት እንዲዘገይ ይመከራል፤ ሠርጓ ለተቃረበ ልጅ ይህ ቀላል ወሬ አይደለም። ኪኒኑንስ ለ40 ዓመታት በምን ገቢ ትገዛዋለች? ሐኪሙ ፈቃዷን ከማስፈረሙ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ሊያወያያት ይገባል። የሀገር ልብስ ጠበበኝ የሚለው ምክንያት ግን ለቀዶ ሕክምና አይበቃም፤ የሰፈሯ ልብስ ሰፊዎች ያሰፉላታል።