የሚዘፍን ግድግዳ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው እንደኔ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ስለ ሙዚቃ በመጻፌ ብቻ ስለ መሣሪያውም አውቃለሁ ብሎ ያመነ አንድ አብሮ አደጌ፣ ለሚያሠራው ቤት ስፒከር እንድመርጥለት ባለፈው ክረምት ጠራኝ። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር። «እንዲሰማ እንጂ እንዲታይ አልፈልግም» አለኝ። ስፒከሮቹ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ተቀብረው፣ ወንፊታቸውም በግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ እንግዳ ሲመጣ ዘፈኑ ከየት እንደሚመጣ ግራ እንዲገባው ነው ምኞቱ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን አልወደድኩትም። ያደግሁት ቴፑ ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ በሚቀመጥበት ቤት ነው። አባቴ ካሴት ሲያስገቡ እኛ ልጆች ዝም እንላለን። ዘፋኙ ሳጥኑ ውስጥ እንደሌለ ብናውቅም ዓይናችን ከሳጥኑ አይነቀልም ነበር። ስለዚህ ስፒከርን መደበቅ የክብር እንግዳን ጓዳ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ መስሎ ታየኝ።

ነገር ግን ትዝታ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ሙዚቃን ከዓይን መሰወር የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባይሮይት ላይ በተከፈተው ቲያትር ቤቱ ኦርኬስትራውን ከመድረኩ ሥር ሸሽጎታል። የሕዝቡ ዓይን ከመድረኩ እንዳይርቅ ብሎ ነው። ራቅ ብለን ሳንሄድ፣ በእኛስ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ የሚመጣውን የካህኑን ድምፅ ምእመኑ ቆሞ ይሰማ የለምን? ካህኑ አይታይም፤ ሕዝቡ ግን ወዴት ዞሮ እንደሚቆም ያውቃል።

በተቃራኒው ደግሞ ኤሪክ ሳቲ አለ። ይህ ፈረንሳዊ «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» ብሎ የሰየመውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ውስጥ ሲያቀርብ፣ ታዳሚው እንዳያዳምጠውና ወሬውን እንዲቀጥል ለመነ። ታዳሚው ግን ዝም ብሎ አዳመጠ ይባላል። የዛሬው ባለቤት ሳቲ ያቃተውን በኮርኒስ ሊፈጽመው ተነሥቷል። ማንም አያዳምጥም፤ ሙዚቃው እንደ መጋረጃውና እንደ ምንጣፉ ቤቱን ያስጌጣል።

ከሐሳቡ ወደ ሥራው ስንወርድ፣ የስፒከር ግማሹ ሳጥኑ መሆኑን መርሳት አይገባም። የዛሬው ስፒከር አባት የሆነውን መሣሪያ ራይስና ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ሲያስተዋውቁ ድምፅ ሰጪው አካል ታወቀ። ኤድጋር ቪልቸር ደግሞ በ1954 በትንሽ የታሸገ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ እንደ ሞላ እያገለገለ ወፍራም ድምፅ ማውጣት እንደሚችል አሳየ። ስፒከር ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ሳጥኑ ግድግዳው ነው። የአሜሪካኑ ቤት ግድግዳ በእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም ቦርድ የሚሸፈን ስለሆነ ሆዱ ባዶ ነው። የእኛ ብሎኬት ግን ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ ይፈለፈላል፣ ይሰነጠቃልም። ከኋላው የታሸገ ሣጥን የሌለው ስፒከር እዚያ ቢገባ ቤዙ ይታነቃል፤ ድምፁም በክፍተቱ አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል። የወንፊቱን ቀዳዳ ቀለም ቀቢው በወፍራም ብሩሽ ከደፈነው ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል። በደንብ ከተሠራ ግን ጥቅም አለው። ከኋላ ግድግዳ ተንጸባርቆ እየመጣ ድምፅን የሚያደፈርሰው ሞገድ አይኖርም።

ፍርዴን ያጸናልኝ ግን መሐንዲስ አይደለም። የወዳጄ ቤት ፎቁ ቀድሞ ስላለቀ፣ በአራቱ የኮርኒስ ማዕዘን አራት ስፒከሮች ተቀብረው ነበር። አንድ ቅዳሜ አብረውት የሚኖሩትን አረጋዊ አባቱን ይዘን ወጣንና፣ እርሳቸው በወጣትነታቸው ይወዱት የነበረውን የማህሙድ አህመድን ድምፅ አሰማናቸው። አዛውንቱ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ በሩ ተመለከቱ።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?» አለ ልጃቸው።

«መስማትማ ይሰማኛል፤ የሚለውን ግን አልያዝኩትም» አሉ።

ከዚህ በላይ ሂስ አላውቅም። በአማርኛ ዘፈን ትልቁ ነገር ቃሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖሩን ይነግረናል። ወርቁ ብዙ ጊዜ የተቀበረው በዚህች መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው። አንድ ቃል ከአራት አቅጣጫ ተሰንጥቆ፣ በባዶ ክፍል አስተጋብቶ ለደከመ ጆሮ ሲደርስ ሰሙም ወርቁም አብረው ይፈሳሉ። ሱቅ ስንገባ ሻጩ ቤዝ የበዛበትን ዘፈን ከፍ አድርጎ ሲለቅልን፣ እኔ ማሲንቆና አንድ ሰው ብቻ ያለበትን እንዲከፍትልን የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከሦስቱ ስፒከሮች በዚያ ፈተና ያለፈው አንዱ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉ ትልቁ አልነበረም።

የመጨረሻ ምክሬ እንዲህ ሆነ። ለሳሎኑ ከኋላቸው የታሸጉ ሁለት ስፒከሮች፣ ሁለቱም በአንድ ግድግዳ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ይሁኑ። ወፍራሙ ሽቦ ከልስን በፊት ይቀበር። የኮርኒሶቹ ለኮሪደርና ለማድ ቤት ይበቃሉ፤ እዚያ ሳቲ ይንገሥ። ወዳጄ አራቱን ካላነሳሁ ብሎ ባይስማማም በሳሎኑ ተረታ።

ቤቱ ሲመረቅ እንግዶቹ እንደተመኘው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። አባቱ ግን አልጠየቁም። ወንበራቸውን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸውም ከዘፋኙ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ስለዚህ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ስፒከሩ ይታያል አይታይም ብላችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት፣ ወደ እሱ ዞሮ የሚቀመጥ ሰው ወንበሩን የት እንደሚያደርግ ተነጋገሩ።